ያለ አፈናና ያለ ሰንሰለት፦ በሰው ስለመነገድ በትንሽ ገንዘብ ፊልም መሥራት

ጥያቄ፦ «የመጀመሪያ ረጅም ፊልሜን ለመሥራት እየተዘጋጀሁ ነው። ታሪኩ በዘመናዊ ከተማ ውስጥ ስለሚካሄድ የሰው ንግድ ነው። አንዲት ወጣት ከመንገድ ላይ በመኪና ታፍና ትወሰዳለች፤ በሴተኛ አዳሪነት እንድትሠራ ትገደዳለች፤ በመጨረሻ ፖሊስ በር ሰብሮ ያድናታል። ስክሪፕቱ 108 ገጽ ሲሆን 23 የቀረጻ ቦታዎች አሉት። ለቀረጻ ያለኝ ጊዜ 14 ቀን ብቻ ነው። ይህ ነገር በእውነት የደረሰባት ሴት አግኝቻለሁ፤ ዋናዋን ገጸ ባሕርይ ለመጫወትም ተስማምታለች። ገንዘብ ስለሌለኝ ፊልሙ ርካሽ ይመስላል ብዬ እፈራለሁ። ጭካኔውንስ ምን ያህል ላሳይ?»

ምላሽ፦

እርስዎን ያሳሰበዎት ገንዘቡ ነው፤ እኔን ግን ያሳሰበኝ ስክሪፕቱ ነው። ከታሪክዎ ውስጥ ብዙ ወጪ የሚጠይቁት ሁለት ትዕይንቶች፣ አፈናውና የፖሊሱ በር ሰበራ፣ ከእውነታው በጣም የራቁትም እነሱው ናቸው። ሁለቱን ቢያወጧቸው በጀቱ ይቀልላል፤ ፊልሙም ወደ ጉዳዩ ይጠጋል።

በአፈናው እንጀምር። ከመንገድ ላይ ተጎትቶ መኪና ውስጥ መወርወር አይከሰትም አልልም፤ ይከሰታል። አብዛኛው ተጎጂ ግን በዚህ መንገድ አይገባም። የሚመለምለው ብዙውን ጊዜ የሚታወቅ ሰው ነው፤ ዘመድ፣ የሰፈር ልጅ፣ የቀድሞ የክፍል ጓደኛ፣ የፍቅር ጓደኛ፣ ወይም ሥራ አገናኛለሁ የሚል ደላላ። የተባበሩት መንግሥታት በ2000 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ያጸደቀው፣ ከ2003 መጨረሻ ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ፕሮቶኮል ወንጀሉን በሦስት ነገሮች ያቆመዋል። አንደኛው ድርጊቱ ነው፤ መመልመል፣ ማጓጓዝ፣ ማስጠለል ወይም መቀበል። ሁለተኛው የተጠቀሙበት መንገድ ነው፤ ኃይል፣ ዛቻ፣ ማታለል፣ ወይም የሰውን ችግርና መፈናፈኛ ማጣት መጠቀሚያ ማድረግ። ሦስተኛው ዓላማው ነው፤ እሱም ብዝበዛ። ከእነዚህ መንገዶች በአንዱ ከተታለለች ወይም ከተገደደች፣ «ተስማምታ ነበር» የሚለው ለወንጀለኛው መከላከያ አይሆነውም። ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ደግሞ መንገዱን ማስረዳት እንኳን አያስፈልግም፤ ድርጊቱና የብዝበዛው ዓላማ ይበቃሉ። ድንበር መሻገርም የግድ አይደለም። ከአንድ ከተማ ሳይወጣ፣ ከአንድ ሕንፃ ወደ ሌላው ብቻ ተዛውሮ ሰው ሊሸጥ ይችላል። ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር ማሻገር ሌላ ወንጀል ነው፤ ሁለቱ አንዳንዴ በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ይገናኛሉ እንጂ አንድ አይደሉም። ስክሪፕትዎ እንዳያደባልቃቸው ይጠንቀቁ፤ ገጸ ባሕርይዋ ድንበር ሳትሻገር «ተሸጋግሬ ነው» የምትል ከሆነ ተመልካቹ ግራ ይጋባል። እንዲህ ያለ ንግግር ካለዎት ያርሙት።

ይህ የሕግ ትምህርት ብቻ ሆኖ እንዳይታይዎት። ለድራማው የሚሰጠው ነገር ትልቅ ነው። የታፈነች ሴት በመጀመሪያው ደቂቃ ተጎጂ ሆና ትመጣለች፤ ከዚያ በኋላ ተመልካቹ የሚያደርገው ማዘን ብቻ ነው። በገዛ እግሯ የሄደች ሴት ግን ምርጫ አላት፤ ተስፋ አላት፤ የቤተሰቧን ችግር የምታቃልልበት ስሌት አላት። ተመልካቹ ከእሷ ጋር አብሮ አምኖ ይሄዳል። ደላላዋ ደግ፣ ተጫዋች፣ የምትታመን ሴት ትሁን፤ ለመንገድ የሚሆን ልብስ እንኳን ገዝታ ትስጣት። ተመልካቹ «እኔም ብሆን እሄድ ነበር» ካለ ግማሹን መንገድ ጨርሰዋል። ደላላዋን ሴት ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ ወንጀል ከሚፈረድባቸው መካከል የሴቶች ድርሻ ከአብዛኞቹ ሌሎች ወንጀሎች ከፍ ያለ ነው። ከእነሱም ውስጥ ቀድሞ ራሳቸው ተጎጂ የነበሩ፣ ዕዳቸውን ለመቀነስ ወይም ከድብደባ ለማምለጥ ሌላ ሴት እንዲያመጡ የተደረጉ አሉ። ጠባሳ ፊቱ ላይ ያለበት፣ ወርቅ ያንጠለጠለ ጨካኝ ወንድ ከመፍጠር ይልቅ እንዲህ ያለች አንዲት ሴት ብትጽፉ ፊልሙ በብዙ እጥፍ ይከብዳል።

ቀጥሎ የሥራው ዓይነት ነው። የሰው ንግድ ሲባል አዳዲስ ፊልም ሠሪዎች ሁሉ የሚያስቡት ሴተኛ አዳሪነትን ነው። የዓለም የሥራ ድርጅትና አጋሮቹ በ2022 ባወጡት ግምት፣ በ2021 በግዳጅ ሥራ ውስጥ የነበሩት ሰዎች 27.6 ሚሊዮን ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ በወሲብ ንግድ የተገደዱት 6.3 ሚሊዮን ሲሆኑ፣ 17.3 ሚሊዮኑ በግል ዘርፍ ውስጥ ባሉ ሌሎች ሥራዎች የተገደዱ ናቸው፤ በሰው ቤት ሠራተኝነት፣ በግንባታ፣ በፋብሪካ፣ በእርሻ፣ በዓሣ ማስገር። በቅርብ ዓመታት ደግሞ አዲስ መልክ ታይቷል። የተማሩ፣ ቋንቋ የሚያውቁ ወጣቶች በኮምፒውተር ሥራ ስም ወደ ደቡብ ምሥራቅ እስያ እየተወሰዱ፣ በታጠሩ ሕንፃዎች ውስጥ በኢንተርኔት ሰው እንዲያጭበረብሩ ይገደዳሉ። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ጽሕፈት ቤት በ2023 ባወጣው ሪፖርት በማይናማር ብቻ ቢያንስ 120 ሺህ፣ በካምቦዲያ 100 ሺህ ያህል ሰዎች በዚህ ሁኔታ ውስጥ ሊሆኑ እንደሚችሉ ተመልክቷል።

የወሲብ ብዝበዛን ታሪክ አይንገሩ እያልኩ አይደለም። የመረጡት የሚያውቁት ስለሆነ ነው ወይስ በሌሎች ፊልሞች ስላዩት? ይህን ራስዎን ይጠይቁ። የእኔ ምርጫ የቤት ሠራተኛዋ ናት። የምትኖርበት ቤት የምትሠራበትም ቤት ነው፤ አሠሪዎቿ በጎረቤት ዘንድ የተከበሩ ናቸው፤ መስኮቱ ወደ አደባባይ ይከፈታል፤ በሺህ የሚቆጠር ሰው ከሥሯ ያልፋል፤ ማንም ቀና ብሎ አያይም። ዘመናዊ ከተማ ማለት ለዚህ ታሪክ ይህ ነው። ከአንድ አፓርታማ፣ ከአንድ ደረጃና ከአንድ አሳንሰር ሳይወጡ የፊልሙን አብዛኛውን ክፍል መቅረጽ ይችላሉ።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስን። ሰው በሩ ሳይቆለፍ ለምን አይወጣም? ፊልምዎ ይህን ጥያቄ ካልመለሰ ሌላው ሁሉ ጌጥ ነው። የዓለም የሥራ ድርጅት ግዳጅን ለመለየት የሚጠቀምባቸው 11 ምልክቶች አሉት፤ የመታወቂያ ሰነድ መንጠቅ፣ ደመወዝ መከልከል፣ በዕዳ መያዝ፣ ከሰው መነጠል፣ ማስፈራራት፣ ከልክ ያለፈ የሥራ ሰዓት፣ እንዲሁም ሌሎቹ። ዝርዝሩን አንብበው ሲጨርሱ አንድ ነገር ያስተውላሉ፤ አብዛኞቹ በካሜራ ፊት አይጮኹም። ሰንሰለት የለም፤ ጠመንጃ የለም። ያለው አንድ ደብተር ነው። የትራንስፖርት፣ የፓስፖርት፣ የምግብ፣ የመኝታ፣ የተሰበረ ሳህን ዋጋ የተጻፈበት ደብተር።

የደመወዝ ቀንን አንድ ሙሉ ትዕይንት ያድርጉት። ስድስት ወይም ሰባት ደቂቃ ይስጡት፤ አይፍሩ። እመቤቲቱ ገንዘቡን በጠረጴዛው ላይ በትክክል ትቆጥራለች፤ ልጅቷ ታያለች። ከዚያ ደብተሩ ይወጣል። አንድ በአንድ እየተነበበ ብሩ ከክምሩ ይነሳል። ድምፅ ከፍ አይልም፤ ስድብ የለም፤ እንዲያውም «አይዞሽ፣ በሚቀጥለው ወር ይስተካከላል» ትባላለች። በመጨረሻ ጠረጴዛው ባዶ ነው፤ ልጅቷም ታመሰግናለች። ይህች ምስጋና ከማንኛውም የድብደባ ትዕይንት በላይ ታሳምማለች፤ የሚያስፈልጓት ደግሞ ሁለት ተዋንያን፣ አንድ ጠረጴዛና ጥሩ ማይክሮፎን ናቸው።

ስልኩም እንዲሁ ነው። ስልክ የሚከለከሉ ተጎጂዎች አሉ፤ ስልክ ሲተውላት ግን ስልኩ ራሱ መቆጣጠሪያ ነው። የት እንዳለች ያሳያል፤ መልእክቶቿ ይነበባሉ፤ የእናቷ ቁጥር በደላላዋ እጅ ስለሆነ «ካልታዘዝሽ ለቤተሰብሽ ፎቶሽን እልካለሁ» ማለት ይበቃል። ወደ ቤት ስትደውል አሠሪዋ አጠገቧ ቆማ ሰላጣ እየከተፈች ትሰማ። እናት ትጠይቃለች፤ ልጅቷ «ደኅና ነኝ፣ ጥሩ ሰዎች ናቸው» ትላለች። የተላከው ገንዘብ ስላነሰ እናት ቅር ትላለች። ከአሠሪዋ ዛቻ ይልቅ ይህ የእናት ቅሬታ ነው አስሮ የሚያስቀራት። ከውጭ ያለው እፍረት ከውስጥ ካለው በር ይልቅ የተቆለፈ መሆኑን ተመልካቹ እዚህ ላይ ይገባዋል፤ ማስረዳትም አይጠበቅብዎትም።

ጭካኔውን ምን ያህል ላሳይ ላሉት፦ ከሚያስቡት በጣም ያነሰ። ምክንያቴ ጨዋነት ብቻ አይደለም። ካሜራ የሚቆምበት ቦታ የአንድ ሰው ዓይን ነው። የወሲብ ጥቃትን ከላይ ሆኖ፣ ሰውነቷን እየተከተለ የሚቀርጽ ካሜራ የቆመው ገላዋን በሚገዛው ሰው ቦታ ነው፤ ሙዚቃው የቱንም ያህል ቢያለቅስ ተመልካቹን ገዢ አድርጎታል። ከዚያ ትዕይንት ተቆርጦ በኢንተርኔት የሚዞረው 40 ሴኮንድ ደግሞ ከፊልሙ ዓላማ ጋር ምንም ግንኙነት አይኖረውም። እርቃን አያሳዩ። የተዘጋውን በር ከኮሪደሩ ያሳዩ፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ያሳዩ፤ አንሶላ ስታጥብ፣ እጇ ሲንቀጠቀጥ፣ ሰው በኋላዋ ሲያልፍ ስትደነግጥ። የግድ አካላዊ ንክኪ የሚያስፈልገው ትዕይንት ካለዎት፣ እያንዳንዷ እንቅስቃሴ ቀድማ በጽሑፍ ትስፈር፤ ተዋንያኑ ልብስ ለብሰው ይለማመዱት፤ በቀረጻው ዕለት ከሚያስፈልጉ ሰዎች በቀር ማንም ክፍሉ ውስጥ አይኑር፤ ተዋናይዋም በማንኛውም ቅጽበት የማቆም መብት ይኑራት። «በድንገት ብናደርገው እውነተኛ ስሜት ይወጣል» የሚል ዳይሬክተር ካጋጠመዎት ከሥራዎ ያርቁት።

ስለ ሴትየዋ አጥብቄ እነግርዎታለሁ፤ የገዛ ታሪኳን እንድትጫወት አያድርጉ። እንደተስማማች አልጠራጠርም። ግን የተስማማችው ምን እንደሚመጣ አውቃ ነው? አንድ ትዕይንት ስምንት ጊዜ ሊቀረጽ ይችላል፤ ከተለያየ አቅጣጫ፣ መብራት ተስተካክሎ፣ «እንደገና» እየተባለ። ያለፈችበትን ነገር በአንድ ቀን ስምንት ጊዜ እንድትኖረው ይጠይቋታል ማለት ነው። ጉዳቱ በዚያ አያበቃም። ፊቷ አንዴ ከወጣ መመለስ አይቻልም፤ የነገዱባት ሰዎች ወይም ግብረ አበሮቻቸው ያልታሰሩ ከሆነ ያገኟታል፤ ቤተሰቧ የማያውቀውን ያውቃል። የፍርድ ቤት ክርክር ካለ ወይም ወደፊት ሊኖር የሚችል ከሆነ፣ በፊልሙ ውስጥ ለድራማ ሲባል የተቀየረ አንድ ነገር የተከሳሽ ጠበቃ ቃሏን ለማጣጣል ሊጠቀምበት ይችላል። ሌላም አለ። ረድቷት ወይም አድምጧት የሚያውቅ ሰው ሲጠይቃት እምቢ ማለት ይከብዳታል። እምቢ እንዳትል ተምራ ነው የወጣችው።

የእሷ ቦታ ሌላ ነው፤ ክብር ያለውም ነው። የስክሪፕት አማካሪ ትሁን፤ እንደ ማንኛውም ባለሙያ ውል ይፈረምላት፤ ይከፈላት። ክፍያው ፊልሙ ገቢ ሲያገኝ የሚል ተስፋ መሆን የለበትም፤ በተስፋ መሥራትን በደንብ ታውቀዋለች። በማንኛውም ጊዜ ከሥራው የመውጣትና የተናገረችው እንዲወጣ የማድረግ መብቷ በውሉ ይጻፍ። በጣም ክፉውን ሌሊት እንድትተርክ አይጠይቋት፤ ያ ለፊልሙ አያስፈልገውም። ይልቁንስ ትንንሹን ይጠይቋት፦ ቁልፉ የት ይሰቀል ነበር? ማን ቀድሞ ይበላ ነበር? ምን ብለው ይጠሯት ነበር? እሑድ ምን ይሸት ነበር? ፊልምን እውነት የሚያስመስሉት እነዚህ ናቸው። ንግግሩ በሚካሄድበት ጊዜ ከእሷ ጋር የሚሠራ የሥነ ልቦና ባለሙያ ወይም የሚደግፋት ድርጅት ሠራተኛ ይወቅ፤ የድምፅ ቅጂው በቡድኑ ስልኮች ላይ አይዙር፤ ሥራው ሲያልቅ ይደምሰስ። ከሌሎች ታሪኮች ጋር አዋሕደው፣ የትውልድ ቦታውን፣ የቤተሰቡን ቁጥር፣ የጊዜውን ቅደም ተከተል ቀይረው ይጻፉት። በመጨረሻም «በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ» የሚለውን ጽሑፍ ይተዉት፤ ሰው ማን እንደሆነች መፈለግ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ወደ ቀረጻው ልምጣ። በተለመደው ልኬት አንድ የስክሪፕት ገጽ አንድ ደቂቃ ያህል ነው። 108 ገጽ በ14 ቀን ማለት በቀን ወደ ስምንት ገጽ የሚጠጋ ነው፤ በዚያ ላይ 23 ቦታ። ትንሽ ቡድን ይዘው ይህን ከሞከሩ ከአምስተኛው ቀን በኋላ የሚቀርጹት ተዋንያን ንግግራቸውን ሲጨርሱ ብቻ ይሆናል። ወደ 80 ገጽ ያውርዱት፤ ቦታዎቹን ወደ አምስት ወይም ስድስት። እንዲህ ሲሆን በቀን ስድስት ገጽ ያልሞላ ሥራ ይኖርዎታል፤ ለተዋንያኑ ጊዜ ይተርፋል። የሌሊት ትዕይንቶችን ያሳንሱ። የቤት ውስጥ ሌሊት ቀን ላይ መስኮቱን በጥቁር ጨርቅ ሸፍኖ ሊቀረጽ ይችላል፤ የውጭውን ደግሞ ፀሐይ ከገባች በኋላ ሰማዩ ሰማያዊ ሆኖ በሚቆይባት አጭር ጊዜ ይቅረጹ፤ ከተማዋ በራሷ መብራት ታግዝዎታለች። የሹተሩን (የካሜራውን የብርሃን መክፈቻ) ፍጥነት ከአካባቢው የኤሌክትሪክ ድግግሞሽ ጋር ማስማማትዎን አይርሱ፤ 50 ሄርዝ በሆነበት 1/50፣ 60 ሄርዝ በሆነበት 1/60። ካልሆነ የሱቅ መብራቶች በምስሉ ላይ ይርገበገባሉ፤ ይህንንም በኋላ ማረም አስቸጋሪ ነው።

ፊልምን ርካሽ የሚያስመስለው ግን ምስሉ አይደለም፤ ድምፁ ነው። ትንሽ የደበዘዘ ምስልን ተመልካች እንደ ስልት ይቀበለዋል፤ የማይሰማ ንግግርን ግን ይቅር አይልም። ካሜራ ለመከራየት ካሰቡት ገንዘብ ቀንሰው ጥሩ የድምፅ ባለሙያ ይቅጠሩ። በእያንዳንዱ ክፍል ማንም ሳይናገር የክፍሉን ባዶ ድምፅ ቢያንስ ለ30 ሴኮንድ ይቅዱ። በዚህ ታሪክ ደግሞ ድምፅ ከቴክኒክ በላይ ነው፤ የአሳንሰሩ መድረስ፣ በሩ ላይ የሚዞር ቁልፍ፣ ከጎረቤት ቤት ግድግዳ አልፎ የሚመጣ የልደት ዘፈን።

ከተማ ውስጥ ሲቀርጹ ሁለት ነገሮች ላይ ይጠንቀቁ። የመንገደኛ ፊት፣ የሆቴል ስም ወይም የመኪና ሰሌዳ በዚህ ዓይነት ፊልም ውስጥ ሲገባ ትርጉሙ ይለወጣል፤ ሳያውቅ በካሜራዎ ፊት ያለፈ ሰው ገዢ ወይም ደላላ መስሎ ይታያል፤ በስም ማጥፋትም ሊከሰሱ ይችላሉ። ከኋላ የሚያልፉት ሰዎች በጽሑፍ የፈቀዱ አጃቢ ተዋንያን ይሁኑ። ሁለተኛው፣ አፈናም ሆነ የፖሊስ ከበባ በሕዝብ መንገድ ላይ ያለ ፈቃድ አይቅረጹ። አላፊ አግዳሚው እውነት መስሎት ጣልቃ ሊገባ ይችላል፤ የአሻንጉሊት ጠመንጃ ያየ እውነተኛ ፖሊስም ለማጣራት ጊዜ አይኖረውም።

ስለ መጨረሻው። በር የሚሰብረው ፖሊስ ፊልሙን በፉጨት ያስጨርስ ይሆናል፤ ግን ለተመልካቹ ችግሩ እንዳለቀ ይነግረዋል። ብዙዎች የሚወጡት በራሳቸው ነው፤ ቆሻሻ ለመጣል ወርደው በዚያው በመቅረት፣ በአንዲት ጎረቤት ርዳታ፣ ሐኪም ቤት ውስጥ በተገኘች አንድ ደቂቃ። ከወጡም በኋላ ሰነድ ስለሌላቸው ራሳቸው እንደ ጥፋተኛ የሚያዙ አሉ፤ ተጎጂ ተገድዶ በፈጸመው ጥፋት መቀጣት የለበትም የሚለው መርህ በብዙ ቦታ ቢታወቅም ሁልጊዜ አይከበርም። ዕዳው አለ፤ ባዶ እጅ መመለስ አለ። የፊልምዎን የመጨረሻ ሃያ ደቂቃ ለዚህ ቢሰጡት እመርጣለሁ፤ እዚህ ድረስ የሚሄድ ፊልም ጥቂት ነው።

በፊልሙ ማብቂያ ላይ የርዳታ ስልክ ቁጥር ለማስቀመጥ ካሰቡ መልካም ነው። ከባለቤቱ ድርጅት ፈቃድ ይውሰዱ፤ በተለያየ ሰዓት ደውለው የሚያነሳ መኖሩን ያረጋግጡ፤ ከመጀመሪያው ማሳያ ቀን በፊትም ያሳውቋቸው፤ የሚደውል ሰው ሊበዛባቸው ይችላልና። ፊልሙ ግን ከዚያ በላይ ቃል አይግባ። አንድ ፊልም ደላላን አያስቆምም፤ የሥራ ውልን አይመረምርም። ሊያደርግ የሚችለው ተመልካቹ የሚያልፍበትን መስኮት እንዲያስተውል ማድረግ ነው።

ስለዚህ የቀረጻውን ቀን ያራዝሙ። ስክሪፕቱን ያለ አፈናና ያለ በር ሰበራ እንደገና ይጻፉት፤ የዋናዋን ቦታ ለሙያ ተዋናይት ይስጡ፤ ሴትየዋን በውል አማካሪ ያድርጓት። ከዚያ ሌላ ነገር ከመጀመርዎ በፊት የደመወዝ ቀኑን ትዕይንት ብቻ በአንድ ቀን፣ በአንድ ክፍል ቀርጸው ያቀናብሩት። ታሪኩን ለማያውቁ ሰዎች ምንም ማብራሪያ ሳይሰጡ ያሳዩአቸውና «ለምን አትሄድም?» ብለው ይጠይቋቸው። መልሱን ከነገሩዎት ፊልሙን መሥራት ይችላሉ፤ ካልነገሩዎት ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ወደ ጽሑፉ ይመለሱ።